ሒና ያልነካት ትንሿ ጣት

ሐጃ ዘሊካ ካርቱም አል-ማንሺያ ሰፈር በሚገኘው ቪላዋ፣ አልጋዋ ላይ ሞታ የተገኘችው ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ፀሐይዋ የግቢውን ግንብ ሳትሻገር የወንድሟ ልጅ ዶክተር ኢሃብ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሐበሻዋ ሠራተኛ ትዕዛዝ ማታ ባጠጣቻት ሾርባ መርዛታለች፤ እሷን ፖሊስ ይውሰዳት፣ ሬሳው ሳይውል ሳያድር ይቀበር።

ዘበኛው ወልደሥላሴ ይህን ሲሰማ በአፍንጫው ሳቀ። ጎንደር ሳለ ዐሥራ ሁለት ዓመት በድሬሰርነት ቁስል ያጠበ ሰው ነው። ስደት ካርቱም ሲጥለው የሙያ ወረቀቱን ይዞ ዐማራት ሰፈር ወዳለው የኢሃብ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ኢሃብ ፖስታውን እንኳ ሳይከፍት መለሰለትና «የአክስቴ በር ዘበኛ ያስፈልገዋል» አለው። ይኸው ስምንት ዓመት። ወልደሥላሴ ደግሞ የሚረሳ ሰው አይደለም።

ትዕዛዝ እግሩ ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ገና ሃያ ቀኔ ነው! ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ ወስደው ይሰቅሉኛል!»

«ተነሺ። ለቅሶ ምስክር አይሆንም።»

ሙላዚም አብደልራሒም፣ የመጣው የፖሊስ መኮንን፣ እናቱ የመተማ ሰው ስለሆነች አማርኛ ይሰማል። ወልደሥላሴ እሱን አስፈቅዶ የሟቿን እጆች ብቻ ከአንሶላው ሥር ገለጠ። መዳፏ እንደ አሸዋ ሻክሯል። የዘጠኙ ጣቶቿ ጥፍር በሒና ጠቁሯል፤ የግራዋ ትንሿ ጣት ብቻ ባዶ ናት።

«ሒናውን ማን ቀባት?»

«እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት። የዶክተር ሚስት፣ እትዬ አማኒ፣ አምጥታ ቀቢያት አለችኝ። ሐጃ አለቀሰች፤ ‹ባሌ ከሞተ አራት ወር ከዐሥር ቀን ሳይሞላ ሒና ሐራም ነው› አለች። በግድ እሺ ስትል ያቺን ጣት ጨብጣ ‹ይቺ እንኳ ለባሌ ትቅር› አለችኝ።»

ወልደሥላሴ ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ጥፍሯን አግድም የሚያቋርጡ ሦስት ነጫጭ መስመሮች ነበሩ። ከጥፍሩ ሥር ምን ያህል እንደራቁ በዓይኑ ለካ።

አማኒን ኮሪደሩ ላይ አገኛት። «እመቤቴ፣ የሒናው ነገር የማን ሐሳብ ነው?»

«የኢሃብ። መዳፏን ሲያቃጥላት ያበርድላታል አለኝ። ጥፍሯን አደራ፣ አንድም እንዳይቀር ብሎኛል። አንተን ምን አገባህ?»

«ምንም። ዘበኛ መጠየቅ ይወዳል።»

ሙላዚሙ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። ኢሃብ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። የሟቿ ባል ወንድም ዖማር መቁጠሪያውን ይቆጥራል።

«ያላ፣ በል ንገረን፣ ዶክተር ዘበኛ!» አለ ኢሃብ። «በሽታው ምንድን ነው? ቡዳ?»

«ይህ መስመር» አለ ወልደሥላሴ፣ «መርዝ ወደ ሰውነት ሲገባ ጥፍር ሥር የሚጻፍ ነው። ከሥር ወጥቶ እስኪታይ ከወር በላይ ይፈጃል። ልጅቷ የመጣችው ግን የዛሬ ሃያ ቀን ነው። ሦስቱም ከእሷ በፊት ተጽፈዋል።»

«ጥፍር ማንበብ ማን አስተማረህ?»

«መጀመሪያ ሥራዬ፣ ቀጥሎ የእናንተ በር። አውራ ጣቴን በብረት በሩ ጨፍልቄው ጥቁሩ ምልክት ከሥር እስከ ጫፍ ስንት ወር እንደፈጀበት ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ዘበኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

ሙላዚሙ ፈገግታውን ዋጠ።

«አቶ ዖማር፣ ሐጃ ሀዘኗ ሲያልቅ ምን ልታደርግ ነበር?»

«ቤቱን ለቁርኣን ተማሪዎች ልትሰጥ። ለእኔም ለኢሃብም ነግራናለች። ሳትሰጥ ከሞተች ግን ቤቱ ለእኔና ለእሱ ነው የሚደርሰው። ዐሥራ አንድ ቀን ነበር የቀራት።»

«እርስዎ የሚኖሩት ፖርት ሱዳን ነው፤ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ በዚህ በር ያለፉት ገና ዛሬ፣ ከአውሮፕላን ወርደው ነው። ዶክተር ግን የማጠንከሪያ ሽሮፕ ነው እያለ ሦስት ጠርሙስ አምጥቷል። በየጠርሙሱ ሐጃን ሦስት ሦስት ቀን አስመለሳት። አራተኛውን ትናንት ጠዋት ይዞ ሲገባ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

«ሒናው ግን የሴቶች ነገር ነው!» አለ ኢሃብ። ድምፁ ቀጠነ።

«ሴቶቹማ ሀዘንተኛ ሒና እንደማትቀባ ያውቃሉ። መስመሩን ለመሸፈን የሚጨነቀው መስመሩን ማንበብ የሚችል ብቻ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ጥፍር የሚያነቡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሽሮፕ አላዝዝም።»

አማኒ ከባሏ አጠገብ ተነስታ ራቀች። «‹አንድም እንዳይቀር› ብለኸኛል» አለችው፣ «አንድም እንዳይቀር!»

ሙላዚሙ ቀብሩ እንዲቆም፣ ጥፍሯና ፀጉሯ እንዲመረመር አዘዘ። አራተኛው ጠርሙስ ከኢሃብ መኪና ወንበር ሥር ተገኘ። ኢሃብ በር ላይ ሲደርስ እጁ ታስሯልና የብረት በሩን የከፈተለት፣ እንደ ልማዱ፣ ወልደሥላሴ ነው።

ትዕዛዝ እየሮጠች መጥታ ጉልበቱን ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር!»

«ነውር ነው፣ ልጄ» አላት ወልደሥላሴ፣ በሩን እየቀረቀረ። «እኔ ምን በደልኩሽና ትሰድቢኛለሽ?»