የኮምቦልቻው ፔርሙዝ

ኢንጅነር ኦኬሎ የሞተው በረመዳን፣ የመግሪብ አዛን ካለ ብዙም ሳይቆይ ነው። ኮምቦልቻ ባለው ቢሮው፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ወድቆ ተገኘ። ዩጋንዳዊ ነበር። ከአገሩ ወጥቶ ለአንድ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተምር ሳህን፣ ፔርሙዝና ሁለት ብርጭቆ ነበር። በአንዱ ሻይ ተጠጥቶበታል። ሌላው ደረቅ ነው።

ፖሊስ ደረቁን ብርጭቆ አየና ሾፌሩን ሚስባህን ያዘ። አብሮት ሲያፈጥር የነበረው እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን የምርመራው ውጤት መጣ። ተምሩ ንጹህ ነው፤ መርዙ ከፔርሙዙ ውስጥ ነው። የሚስባህ መዝገብ ከሰዓት በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊላክ ተዘጋጀ። ከዚያ በፊት ኢንስፔክተር ከይሪያ ከደሴ ተጠራች። ጡረታዋ የቀረበ፣ ቀጭን፣ ከመናገር ማየት የምትወድ ሴት ናት። መጀመሪያ የሄደችው ሚስባህ ወደታሰረበት ጣቢያ ነው።

«ሻዩን ለምን አልጠጣህም?»

«በተምርና በውሃ አፈጠርኩ። ከዚያ ለሶላት ተነሳሁ። እኔ ሻይ የምጠጣው ከሰገድኩ በኋላ ነው።»

«እሱስ?»

«እሱ ክርስቲያን ነው፣ ምን ሶላት አለበት? ‹አንተ ስገድ፣ የኔ ጉሮሮ ደርቋል› ብሎ ሳቀብኝ። ስመለስ ወድቋል።»

«ክርስቲያን ከሆነ ምን አስጾመው?»

«እልህ ነዋ። መንገድ ላይ ውሃ ሲጠጣ ‹አንተ አንድ ቀን እንኳ አትችላትም› አልኩት። በማግስቱ ሳይነጋ ለሱሁር ቤቴ መጣ። ሚስቴ ሙና ናት ያበላችው።» ሚስባህ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ወላሂ አልነካሁትም፣ ኢንስፔክተር። ሙና እርጉዝ ናት። መዝገቡ ከተላከ ልጄን የማየው በእስር ቤት አጥር ነው።»

ከይሪያ አላጽናናችውም። ወጥታ ወደ ቢሮው ሄደች።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሬሳው ወደ አገሩ እስኪሸኝ ሰው ለቅሶ ይደርሳል። ጽዳትና ሻይ የምትሠራውን ሀኒን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ፔርሙዙን መቼ ሞላሽው?»

«ጠዋት። ሁልጊዜ እሱ ሳይገባ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ነው የሚቀዳው። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይቀልድበታል።»

«ያን ቀንስ?»

«‹ዛሬ ጾመኛ ነኝ› አለን፣ ለእኔና ለእንየው። በሳቅ ሞትን። ‹ልድፋው?› ስለው ‹ተይው፣ አፈጥርበታለሁ› አለኝ። ከዚያ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከሚስባህ ጋር ጉድጓዱ ወዳለበት ቢስቲማ ሄዱ።»

«ማታ በሩን ማን ከፈተ?»

«ራሱ። የፔርሙዙን ክዳንም የከፈተው፣ ሻዩንም የቀዳው ራሱ ነው። ተምሩን አቀብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሚስባህ ፔርሙዙ አጠገብ እንኳ አልደረሰም።»

«ጠዋት እሱ ሳይመጣ ቢሮ ማን ነበር?»

«እኔ፣ እንየውና አቶ ሂሻም። አቶ ሂሻም ኢንጅነሩ ሳይመጣ ለስብሰባ ወደ ደሴ ወጡ።»

እንየው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ጥሪ ሳይጠብቅ ራሱ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ ምን ያደክምዎታል? ያልጠጣው ሰውዬ ተይዟል እኮ።»

«አንተ ጠጥተህ ነበር?»

«እኔ? አይ።»

«ታዲያ አንተንም ልያዝህ?»

እንየው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሚስባህና ኢንጅነሩ ይጣሉ ነበር?»

«ኧረ አንድም ቀን። ኢንጅነሩ የተጣላው ከአቶ ሂሻም ጋር ነው። የቢስቲማው ጉድጓድ ሊመረቅ ነው፣ እንግዶች ከውጭ ይመጣሉ። ኢንጅነሩ ‹ውሃው ለሰው አይሆንም፣ ሄጄ ለሕዝቡ እነግራለሁ› አለ። አቶ ሂሻም ደግሞ ምርቃቱ ካማረላቸው ናይሮቢ ሹመት ይጠብቃቸዋል።»

«ይህን ለፖሊስ ነገርክ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የቢሮው ኃላፊ አቶ ሂሻም ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶተኛ እየተቀበለ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል። ከይሪያ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ ከይሪያ። ከባድ ሐዘን ነው።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ያን ቀን የት ዋሉ?»

«ደሴ፣ ስብሰባ ላይ። ማታም እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ዘመዶቼ ቤት ነው ያፈጠርኩት። ቤት ሙሉ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ማታውን አልጠየቅሁም» አለች።

በዚህ መካከል ከቢስቲማ ሰዎች ገቡ። ፊት የመጣው የጉድጓዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አብዱልባሲጥ ነው። በለቅሶ ወግ ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያየ ያየውን ይናገራል። አብዱልባሲጥም ተናገረ።

«እኛስ ጠዋት ‹ታሟል፣ አይመጣም› ተብለን ልንበተን ነበር። ወዲያው መኪናዋ ደረሰች። እየሳቀ ወረደ። ‹ይህን ውሃ እንዳትጠጡ› አለን። ጉድጓዱን ያኔውኑ ዘጋነው። ምንም ያልነካው ሰው፣ ማታ ሞተ ሲሉን ማን ይመን?»

ከይሪያ ቀና አለች። «ታሟል ያላችሁ ማን ነው?»

«አቶ ሂሻም ናቸው፣ ከደሴ ደውለው። እኛም መልሰን ደወልን፤ ‹እዚህ ነው፣ ደህና ነው› አልናቸው። ስልኩን ዘጉብን።»

ከይሪያ ማንም እንዳይወጣ አዘዘች። ሚስባህን አስመጣች። በሁለት ፖሊሶች መካከል ሲገባ ሰው ሁሉ ዓይኑን አዞረ።

«አጭር ነው» አለች ከይሪያ። «ሰው የሞተው ማታ ስለሆነ፣ ሁላችሁም ማታ ማን አጠገቡ ነበር አላችሁ። ክፍሉ ግን ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ቁልፉ ከሟቹ ጋር ቢስቲማ ደርሶ ተመልሷል። ማታ ክዳኑን የከፈተውም እሱ ነው። ስለዚህ መርዙ የገባው ጠዋት፣ በሩ ሳይቆለፍ ነው። ጠዋት መርዝ የጨመረ ሰው ኢንጅነሩ እንደ ልማዱ ወዲያው ይጠጣል ብሎ ነው። ሀኒንና እንየው እንዳልጠጣ በዓይናቸው አይተዋል። ይህን ያላየ፣ ጤነኛውን ሰው ገና በጠዋቱ ‹ታሟል› ያለ አንድ ሰው ነው።»

ሂሻም ተነሳ። «ጉዞውን ለማስቀረት ነው የዋሸሁት! ይህ መግደል ነው?»

«ለማስቀረትማ መኪናዋን መከልከል ይበቃዎት ነበር። ሾፌሩም የሚታዘዘው ለእርስዎ ነው። መኪናዋን ያልከለከሉት ሰውየው ከወንበሩ የሚነሳ ስላልመሰለዎት ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እርስዎ ማለቷንም ተወች። «እሺ፣ ጠዋት አበድክ እንበል። ቢስቲማ ደርሷል፣ ደህና ነው ሲሉህ ግን ሻዩ እንዳልተነካ አወቅህ። አንድ ስልክ ነበር የቀረህ። አልደወልክም።»

«ሁልጊዜ ይጠጣ ነበር» አለ ሂሻም። ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። «ገና ሲገባ…»

«ጾሞ ነበር።»

ሂሻም ተመልሶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ካጠገቡ ተነስተው ቦታ ቀየሩ። ፖሊሶቹ ከሚስባህ ጎን ወደ እሱ ሄዱ።

እንየው ወደ ሚስባህ ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ አፉ በለኝ። እኔ እኮ ያልጠጣው አንተ ብቻ ስለሆንክ…»

«አራት ዓመት አብረን በላን» አለ ሚስባህ። «ሲያስሩኝ እዚህ በር ላይ ቆማችሁ ነበር። አንድ ሰው ‹እሱ አያደርገውም› ይላል ብዬ ወደ ኋላ አየሁ።»

እንየው መሬት መሬት አየ።

«ሂድ፣ ልጄ» አለች ከይሪያ። «ሙና ውጭ ቆማለች።»

ሚስባህ በሰዎቹ መካከል አልፎ ወጣ። በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ አላየም።