በወፍራሙ ድንጋይ ሆድ ውስጥ

ኤላዲዮ ላሪማር የሚባል ሰማያዊ ዕንቁ ከሚቆፈርበት ጉድጓድ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። አስከሬኑ ሲወጣ ባትሪው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ማብሪያው ተከፍቷል፤ ግን አይበራም።

ኢንስፔክተር ኔሬይዳ ፌሊስ ከባራሆና ከተማ ስትደርስ ሰዉ ባለሱቋን ዮካስታን ደጇ ላይ ከቧት ነበር።

«የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሸጠሽ ወንድሜን ገደልሽው!» ይላል የሟቹ ወንድም ራሚሮ። ሊያንቃት ምንም አልቀረውም።

«ውሸታም! የቀሩኝን ሦስት ወፍራም ድንጋዮች ዛሬ ጠዋት ወሰደ። እዚሁ ዓይኔ ላይ አብርቶ አሳውሮኛል! የምሸጠውን ሁሉ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደርግበታለሁ፤ ከፍታችሁ እዩ!»

ኔሬይዳ ባትሪውን ከፈተች። ቀለም የለም። ድንጋዮቹን በእጇ ስትመዝናቸው ፊቷ ጠቆረ።

«ከመውረዱ በፊት የት ነበር?»

«ጉድጓዱ አፍ ላይ ከኔና ከፋውስቶ ጋር ቁርስ በላ» አለ ራሚሮ።

የኤላዲዮ የሥራ ባልደረባ ፋውስቶ ከኋላ ጣልቃ ገባ። «ሲወርድ ባትሪው እንደ ፀሐይ ይበራ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ድንጋዩ ምንም አልሆነም፤ አዳልጦት ነው።»

«አንተማ ምን ቸገረህ!» ጮኸች የሟቹ ሚስት ሚሌዲስ። «ባሌ ታች ሲሞት ላይ ሆነህ ሙዚቃ ታስጮህ ነበር! ድንጋይ አጥቶ ወር ሙሉ የተዘጋ ሬዲዮ ዛሬ ከየት አፍ አወጣ?»

ኔሬይዳ ሬዲዮውን አስመጣችና ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ከባትሪው አንዱን ድንጋይ በቢላዋ ሰነጠቀችው። የፕላስቲክ ቅርፊት ነው፤ መሐሉ ጣት የምታህል ትንሽ ድንጋይ ተወትፋለች።

«ትንሹም ትልቁም ድንጋይ አንድ ተኩል ቮልት ነው» አለች። «ስለዚህ ሲሞከር እኩል ያበራል፤ ኤላዲዮም አልጠረጠረም። የሚለየው ሆዱ ነው። ትልቁ ቀናት ያሠራል፤ ትንሹ ግን ገና ሳይወጣ መሰላሉ ላይ ጨለመበት። ዮካስታ ብትሸጠው ኖሮ ቀይ ምልክት ይኖረው ነበር። እንግዲህ የተለወጠው ቁርስ ላይ ነው። ከሁለታችሁ ማን?»

የሬዲዮውን ክዳን ገለበጠችው። ሦስት ወፍራም ድንጋዮች፤ ሦስቱም ላይ ቀይ ነጥብ።

ፋውስቶ ላብ አጠመቀው። ከዚያ ጮኸ፦ «መሰላሉ በስብሷል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል ብሎ ሊያዘጋው ነበር! ጉድጓዱ ከተዘጋ እኔ ምን ልበላ?»

ሚሌዲስ በጥፊ አጮለችው። «ተንዶ እንዳይቀብርህ ነበር እኮ፣ አንተ ደንቆሮ! ስላንተ ነበር እንቅልፍ ያጣው!»

ከኔሬይዳ ጋር የመጡት ፖሊሶች ፋውስቶን ይዘውት ወጡ። ራሚሮ አንገቱን ደፍቶ ወደ ባለሱቋ ተጠጋ።

«ዮካስታ፣ እኔ እኮ...»

ዮካስታ በሩን አሳየችው።

«ውጣልኝ።»