ያልተሳለው ጥግ

መንፈስ፣ ጥላ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ የሙት ወሬ በማይጠፋባት በገሱባ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም ሲወራ እያዛጋሁ የምተኛ ሰው ነበርኩ፣ እናም ይህን የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። የሆነውም በጨለማ አይደለም፣ እመኑኝ፣ በምሳ ሰዓት ነው።

አርኪዮሎጂ ነው የምማረው፣ በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ከሶዶ በላይ ዳሞታ ተራራ ላይ ወዳለ አንድ ዋሻ ወሰዱን። ሥራው እንደምታስቡት ወርቅ ፍለጋ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ አፈር መጫር፣ መንፋት፣ መመዝገብ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወንፊቴ ላይ ግማሽ መዳፍ የማትሞላ ባልጩት ቀረች፣ ጠርዟ ደንዝዟል። መምህራችን አገላብጦ አያትና የጥንት ሰዎች ቆዳ ይፍቁባት እንደነበር ነገረን፣ ዛሬም በባልጩት የሚፍቁ ስላሉ ሲሠሩ ያየ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ዕድሜ ልኩን ፍቆ ነው ያስተማረኝ፣ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ግን ከፋቂ ልጅ ጋር ማዕድ መቅረብ የሚጸየፍ ሰው ዛሬም አለ፣ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለ ቤተሰቤ ስጠየቅ የእናቴን የቅቤ ንግድ ነው የማወራው። “አላየሁም” አልኩ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የቁፋሮ ጓደኛዬ ምህረትና እኔ ባልጩቷን ፎቶ አንስተን፣ ብቻዋን ላስቲክ ውስጥ አሽገን፣ ሁለታችንም ፈርመንበት ዋሻው ውስጥ ባለ ሳጥን ቆለፍንባት፣ ቁልፉን ምህረት ያዘች።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወርዱ ጥበቃው የኔ ተራ ነበር። ያካፋል። ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ስበላ ከኋላዬ ክርር፣ ክርር የሚል ነገር ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ ዞር ስል ጸጥ፣ ፊቴን ስመልስ ክርር። ከዚያ የእርጥብ ቆዳ ሽታ መጣ፣ ያን ሽታ ደግሞ ማንንም አልጠይቅም፣ ያደግኩበት ነው። መጨረሻ ላይ ቅጭ፣ ቅጭ አለ፣ ልክ ባልጩት ጠርዙ እየተሸረፈ ሲሳል። ዳቦዬን ጥዬ ካፊያው ውስጥ ወጥቼ ቆምኩ፣ እስኪመጡም አልገባሁም።

ከሰዓት ሳጥኑ ሲከፈት እሽጉም ፊርማችንም እንዳለ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ግን ደቃቅ ስብርባሪ ነበር፣ ጠርዟም እንደ አዲስ ተስሏል። መምህሩ ከጠዋቱ ፎቶ ጋር አስተያያትና ፊቱ ጠቆረ። ቁልፉ የነበረው ምህረት ጋ ስለሆነ ለምሳ ሳትወርጂ ከፍተሽ ቅርስ አበላሽተሻል፣ ከልምምዱ ውጪ አላት፣ ያ ማለት ደግሞ ዘንድሮ አትመረቅም ማለት ነው። ልጅቷ አለቀሰች።

“እሷ አይደለችም” አልኩ። “እዚህ ባልጩት መሳል የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር።”

“ታዲያ አንተ ነህ የሳልካት?”

“አይደለሁም ቲቸር።”

አላመነኝም፣ ግን ምህረትን ተዋት፣ የኔ ጉዳይ እስካሁን ትምህርት ክፍሉ ጋ ነው። እሱስ ይሁን። ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነው። ሌሎቹ ፋቂዎች ባልጩቱን እንጨት እጀታ ላይ ሲያጣብቁ አባቴ በባዶ እጁ ይዞ ነበር የሚፍቀው፣ አውራ ጣቱ እንዳይቆረጥ ብሎም የግራውን ጥግ ሁልጊዜ ሳይስል ይተወዋል። የዚችም የግራ ጥጓ አልተሳለም።

ወደ ላስቲኩ መልሳት ስባል አውራ ጣቴን እዚያ ጥግ ላይ አሳረፍኩት፣ ድንጋዩ ሞቅ ይል ነበር። አባቴ ስለካድኩት ተቆጥቶኝ ይሁን እኔን ናፍቆ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።