ጢም ብላ የሞላችው ብርጭቆ

ሬሳው የተገኘው ሰኞ ቀትር ላይ ነው፤ የሄስተር ቦል መጠጥ ቤት ዝግ በሚሆንበት ቀን። ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ሪንስከ ዴ ዋል ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነበር። «ደግሞ ሰኞ ማን ይሞታል?» አለች ለራሷ። ጫማዋን እያጉረመረመች መልሳ አጠለቀችና ብስክሌቷን ወደ ቦዩ ነዳች። ነፋሱ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ነበር። ስኪዳም ከተማ ውስጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ነፋስ ከኋላዋ መጥቶ የረዳት ቀን ትዝ አይላትም።

ሟቹ ኦኖ ተርበርኽ ነው። በከተማዋ እሱን የማያውቅ ጠጪም በላተኛም የለም። የት ይበላል፣ የት ይጠጣል፣ ከየትኛው የንፋስ ወፍጮ ሰገነት ላይ ሲቆሙ ከተማዋ ታምራለች የሚለውን በየዓመቱ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ የሚያወጣው እሱ ነበር። እንግዳ መጽሐፏን ይዞ ይመጣል፤ ኦኖ ያመሰገነው ቤት መቀመጫ ይጠፋበታል፣ የዘለለው ቤት ወንበሩን ይሸጣል። አሁን ግን ሰውየው ከባንኮኒው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ ማጅራቱ የድንጋዩ ደረጃ ጠርዝ ላይ አርፏል። የሰኔ ሙቀት እያለ አንገቱ ላይ የሐር ሻርፕ ጠምጥሟል።

ባንኮኒው ላይ አንዲት ትንሽ የጥድ አረቄ ብርጭቆ ቆማለች። እስከ አፏ ጢም ብላ ሞልታለች፤ እንዲያውም አረቄው ከጠርዙ በላይ አበጥ ብሏል። እንጨቱ ላይ ግን ጠብታ የለም።

«ይኸውልሽ!» አለ ዐቃቤ ሕጉ ፍሎሪስ ኩይፐር፣ ቆሞ ሲጠብቃት የቆየው። «እንዲህ አድርጎ የሚቀዳ እጅ የሄስተር ብቻ ነው። ገበያ ነበርኩ ትላለች። ታዲያ ብርጭቆዋ ራሷን ቀዳች? ከመምሸቱ በፊት ትታሰር፣ ቤቱም ይታሸግ።»

«ቆይ እስቲ ፍሎሪስ። እንኳን ሰው ማሰር መቆምም አቅቶኛል።»

ሪንስከ ጉልበቷ እየጮኸ በርከክ አለችና ዓይኗን ከብርጭቆዋ እኩል አደረገች። አረቄው ላይ የመርፌ ራስ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ትዋኛለች። ሬሳውን ሲመረምር የነበረው ሐኪም በበኩሉ የሟቹን ሸሚዝ ገልጦ ደረቱ ላይ የተገፋበትን ምልክት አሳያት፤ ቀጥሎ ሻርፑን ሲፈታ ከሥሩ የቆዳ ቀለም ያለው የአንገት መደገፊያ ብቅ አለ።

«ይሄን የሚያውቅ ነበር?» አለች ሪንስከ።

«ቢታወቅማ መቼ በሻርፕ ይሸፍነው ነበር?» አለ ሐኪሙ።

ሄስተር ቦል ጓዳው ውስጥ ከገበያ ዘንቢሏ አጠገብ ተቀምጣለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ለቅሶዋን ጨርሳ ዓይኗ ደርቋል።

«ቤቱ ዝግ ሆኖ ሳለ እንዴት ገባ?» አለቻት ሪንስከ።

«ሰኞ ሰኞ እዚህ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። የግቢውን በር ክፍት እተውለታለሁ።»

«ይህስ የማን ነው?» ሪንስከ ከባንኮኒው ሥር፣ ከጠርሙሶቹ ኋላ ያገኘችውን ረጅም ባለ እጀታ ብርጭቆ ብድግ አድርጋ አሳየቻት።

ሄስተር ፊቷን አዞረች። «አልነግርዎትም።»

«ወይዘሮ ሄስተር፣ ዛሬ ሊያስሩዎት ነው እኮ! ከአያትዎ የወረሱት ቤት ሊታሸግ ነው።»

«ይታሸግ። አደራ ብሎኛል። ሰውየው ስለሞተ አደራው አብሮ አይሞትም።»

ሪንስከ ተናደደች። ሊያስሯት የመጡትን ሰዎች ዝም ብላ የምትጠብቅን ሴት ለማዳን በዚህ በደከመ እግር መሯሯጥ! ብርጭቆውን በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች።

ቦዩ ላይ እንግዶችን በሚያዘዋውርበት ጀልባው ላይ ዊቦ ስኺፐር የእንግዶቹን ወንበር ያብሳል። ከሪንስከ ጋር ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ናቸው።

«አንተም ከኦኖ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ፣ ዊቦ።»

«መጣላት ሲያንሰኝ ነው! "በዊቦ ጀልባ ላይ እንቅልፍ በነፃ ነው" ብሎ በመጽሐፍ ሲጽፍብኝ!»

«ታዲያ ገደልከው?»

«ለምን ብዬ? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣው ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። አንቺም ነይ፤ ፊትሽ ጠውልጓል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለ ምግብ ቤቱን ካስፐርን ጠይቂው። ኦኖ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተቀምጦ "ካስፐር የዕለት ዓሣ ነው የሚለው ሾርባ ከቆርቆሮ ነው የሚወጣው፤ ዘንድሮ ከመጽሐፉ አወጣዋለሁ፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ" ሲለኝ ነበር።»

«እሺ፣ ኦኖ ጢም ያለ ብርጭቆ እንዴት ጎንበስ ተብሎ እንደሚጠጣ ለእንግዶች ሲያሳይ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

ዊቦ ራሱን አከከ። «ውይ፣ ቆየ! ከፋሲካ ወዲህ "እናንተ ሞክሩ" እያለ ይስቅባቸዋል እንጂ እሱ አያደርገውም።»

የካስፐር ላንሲንክ ምግብ ቤት ከሄስተር ቤት ጋር አንድ ግቢ ይጋራል። ካስፐር ሪንስከን በአክብሮት ከወጥ ቤቱ ክፍት በር ፊት ለፊት ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ምስጋና ይግባውና ወንበሩ ምቹ ነበር፤ መነሳት አልፈለገችም።

«እኔም ሰኞ ዝግ ነኝ፣ ወይዘሮ ሪንስከ። ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት አልገባሁም። ሄስተርን አዝንላታለሁ፤ ኦኖ ዘንድሮ ከመጽሐፉ ሊያወጣት ነበር።»

«እሱ ነው የነገረዎት?»

«በራሱ አፍ።»

ሪንስከ ወጥ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። በአንድ የልደቷ ቀን ባለቤቷ እዚህ አምጥቶ ጋብዟት ነበር። ሾርባው ላይ በአረንጓዴ የቅመም ዘይት ነጠብጣብ አበባ ተሠርቶበት እንደነበር ትዝ አላት፤ ሾርባው ራሱ ግን ምን ምን እንደሚል ረስታዋለች። ዘይቱ የሚንጠባጠብባቸው አፈ ቀጭን የፕላስቲክ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። አንዷ ብቻ ታጥባ አፏን ደፍታ ትንጠፈጠፋለች።

«ሁላችሁም ሄስተር ቤት ትፈለጋላችሁ» አለችና ተነስታ ጠርሙሷን ከወጥ ቤቱ አነሳች። «ይህቺን ልዋሳት።»

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሁሉም ባንኮኒው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ ብርጭቆዋ ግን ከቦታዋ አልተነካችም። ሪንስከ ከሁሉም በፊት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ፍሎሪስ፣ ይህቺን ብርጭቆ እንዴት ነው የምንጠጣት?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እጅሽን ወደ ኋላ ታደርጊና ጎንበስ ብለሽ የመጀመሪያዋን ትስቢያለሽ። ብርጭቆዋን ካነሳሻት ትፈሳለች።»

«ኦኖ ግን ጎንበስ ማለት አይችልም ነበር። አንገቱ ታስሯል።»

ዊቦ አፉን ከፈተ። ሄስተር በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ሄስተር። አደራውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች ሪንስከ በለሰለሰ ድምፅ። «ጎንበስ ማለቱን ለአገር ምድሩ የሚያሳይ ሰው አልችልም ማለቱን አፈረበት። ስለዚህ እርስዎ በዚህ ባለ እጀታ ብርጭቆ፣ እስከ ግማሹ ብቻ፣ ተደብቀው ሲቀዱለት ኖሩ። ልክ ነኝ?»

«ቀና ብሎ እንዲጠጣ ነበር» አለች ሄስተር። የደረቀው ዓይኗ እንደገና እንባ ሞላ። «አንድም ሰው እንዳይስቅበት ነበር።»

«እንግዲህ ጢም ያለችውን ብርጭቆ ያስቀመጠው ሰው ይህን የማያውቅ ነው። ሄስተር ቀዳችው እንድንል ፈልጓል። ችግሩ እጁ አይችልበትም፤ ከጠርሙስ ቢቀዳ ያፈስሳል፣ ሄስተር ደግሞ አታፈስም። ስለዚህ ጠብታ በጠብታ የሚሞላበት ዕቃ ከወጥ ቤቱ አመጣ።» አፈ ቀጭኗን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አቆመቻት። «አረቄው ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ እዩ። ጠርሙሷ የቅመም ዘይት ነበረባት፤ ዘይት በቀዝቃዛ ውሃ በጥድፊያ ቢታጠብ መች ይለቃል! ፍሎሪስ፣ ጠርሙሷን አሽትታት።»

ዐቃቤ ሕጉ አሸተታት። ፊቱ ተለወጠ። «ጥድ ጥድ ትላለች» አለ።

«ወጥ ቤት አልገባሁም ያሉት አቶ ካስፐር ናቸው፤ ይህቺ ግን እርጥብ ነበረች። ከመጽሐፉ የሚወጣውም ሄስተር አልነበረችም። ዊቦ፣ ማን ነበር?»

«ካስፐር ነው እንጂ! ኦኖ በራሱ አፍ ነው የነገረኝ» አለ ዊቦ።

ካስፐር እንደቆመ መናገር ጀመረ። «ለመንኩት። ዕድሜዬን ነው እዚያ ቤት ውስጥ የቀበርኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም፤ በእናቴ! ንዴት ነው፣ የአንድ አፍታ ንዴት።»

«መግፋቱን ንዴት ነው እንበል» አለች ሪንስከ። «ብርጭቆዋን ጠብታ በጠብታ ሲሞሉ ግን ንዴት አልነበረም። ያኔ ረጋ ብለው፣ ጊዜ ወስደው፣ ጎረቤትዎን ነው የሸጧት።»

ፍሎሪስ የካስፐርን ክንድ ይዞ በግቢው በር ሲያስወጣው ዊቦም ተከትሏቸው ወጣ፤ ሄስተርን ትከሻዋን መታ አድርጓት አለፈ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሪንስከ ተነስታ መሄድ ነበረባት፤ ቤቷም ነፋሱም ይጠብቋታል። እግሯ ግን እምቢ አለ።

«የሚጠጣ ልስጥዎት?» አለች ሄስተር።

«ዛሬ እንኳን ይቅርብኝ። ወገቤ ጎንበስ አይልልኝም» አለች ሪንስከ፤ ይህንን ለባሏ እንኳን ነግራው አታውቅም።

ሄስተር ትንሽ አየቻት። ባለ እጀታውን ብርጭቆ አንስታ በእጇ ያዘችው፤ ቆየች። ከዚያ አጥባ፣ አድርቃ፣ እስከ ግማሹ ቀዳችበትና አጠገቧ አስቀመጠችላት።

«ለማንም አልናገርም» አለቻት።

«አደራ» አለች ሪንስከ። ጫማዋን ከባንኮኒው ሥር አወለቀችና ብርጭቆውን በእጀታው አነሳች።