የሰባት ቁጥር አቤት

«ቴሴራሽን አምጪ» አለ አሰልጣኙ እጁን ዘርግቶ።

ከቅጥነቷ የተነሳ «ሽቦ» የሚሏት ልጅ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። የተጫዋችነት መታወቂያዋን ዓመቱን ሙሉ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ነው የያዘቻት። ፎቶዋ ላይ ሙጫ ፈሶበት አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ቢሆንም የራሷ ናት። አምስት ሰዓት ሆኗል። የፍጻሜው ጨዋታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሽቦ ከትናንት ጀምሮ ታኬታዋን አራት ጊዜ ወልውላለች።

አሰልጣኙ ቴሴራዋን ከሌሎቹ ጋር በላስቲክ አሰረና የዕቃ ክፍሉን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው። ክፍሉ የተነፈሰ ኳስና ያልደረቀ ካልሲ ይሸታል።

«ስሚ የኔ አንበሳ፣ ዛሬ ከተመልካች ጋር ትቀመጫለሽ።»

«ተቀያሪ ነኝ?»

«ተቀያሪማ አይደለሽም። ቋሚ ነሽ። ብቻ የምትጫወቺው አንቺ አይደለሽም።»

ሽቦ ሳቀች። አሰልጣኙ ቀልደኛ ስለሆነ፣ ቀልዱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ግን አላለቀም።

«አንድ ልጅ አምጥቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ የመብራት እንጨት። የነዚያን ተከላካዮች አይተሻቸዋል? አንቺን በትንፋሻቸው ነው የሚጥሉሽ። በአንቺ ቴሴራ ትገባለች። ዳኛው ሰባት ቁጥር ብሎ ሲጠራ እሷ አቤት ትላለች፤ አንቺ አፍሽን ትዘጊያለሽ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ… ስድስት ጎል…»

«ማን ካደሽ? ዛሬስ ብታገባ በማን ስም የሚጻፍ መሰለሽ? በስምሽ! ከአካዳሚው መልማዮች ይመጣሉ። ስምሽን ጽፈው ይሄዳሉ። ተቀምጠሽ ትመረጫለሽ!» እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለአባትሽም ቢሆን።»

ሽቦ እሱን ማየት ስላቃታት ግድግዳውን አየች። እዚያ የአሰልጣኙ ዝነኛ የጎል ደስታ ፎቶ ተሰቅሏል። ከጀርባ የተነሳ ነው፦ በጭቃ የተለወሰ ሰባት ቁጥር፣ ቀኝ እጁን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ፣ ግራውን እንደ ኮት ማንጠልጠያ አጥፎ ይታያል። አሰልጣኙን ትልቅ ክለብ ያስገባችው ያቺ ጎል ናት። አሥራ አንድ ዓመት ፕሮፌሽናል ሆኖ ተጫውቶ፣ ሁለቱንም ጉልበቱን አስቀድዶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ እስኪያንጠለጥል ድረስ ያለው ኑሮው በሙሉ ከሷ ነው የጀመረው። ለሽቦ ባወራላት የመጀመሪያ ዓመት ጎሏ ከሃያ አምስት ሜትር ነበር የተመታችው። በሁለተኛው ዓመት ከመሀል ሜዳ ሆነች። ዘንድሮ ደግሞ መረቡን በጥሳ፣ ከሜዳው ጀርባ የተሰጣ አንሶላ ጠቅልላ፣ አንድ ፍየል ስታባርር ተገኝታለች። በዚህ ዓይነት የከርሞዋን ከአውቶቡስ ተራ ነው የሚመታት።

«ቀጥ ያለው እጅ ለሰማይ፣ የታጠፈው ለእናቴ ነው» ይላል ሁልጊዜ። የቡድኑ ልጆችም ጎል ባገቡ ቁጥር ግራ እጃቸውን አጥፈው ይሮጣሉ። ሽቦ ዘንድሮ ስድስት ጊዜ አጥፋለች።

«ተግባብተናል?» አለ አሰልጣኙ።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ለምን እንደነቀነቀች ለራሷም አልገባትም።

የአባቷ ልብስ ስፌት ቤት ከሜዳው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ሽቦ ምሥጢር መያዝ ላይ ወንፊት ናት፤ ከበሩ ሳትገባ ሁሉንም አፈሰሰችው። አባቷ የስፌት መኪናውን በእግሩ እያንቀሳቀሰ ሰማት። መጨረሻው ላይ እግሩ ቆመ።

«ተቀምጠሽ ትመረጫለሽ አለሽ? እንደዚህ ነው ያለው?»

«እንደዚህ ነው ያለው።»

አባቷ ተነሳና ከላይኛው መደርደሪያ ጥቁር ክር ለማውረድ በእግሩ ጣቶች ቆመ። ቀኝ እጁ ሽቅብ ቀጥ አለ። ግራው ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ፣ ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ የማያውቅ ነውና እንደታጠፈ ጎኑ ላይ ቀረ። ሽቦ አባቷን እንዲህ ሆኖ አሥር ሺህ ጊዜ አይታዋለች።

«አባዬ፣ እንዳትዞር።»

«ምነው? ሸረሪት ወጣብኝ?»

«ፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ነህ።»

ክሩ ከእጁ አምልጦ እየተተረተረ እስከ በሩ ተንከባለለ። አባቷ አላነሳውም። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«ያን ቀን የአሰልጣኝሽ ቁርጭምጭሚት እንደ ዳቦ አብጦ ነበር» አለ። «የኔ ቴሴራ ደግሞ አልደረሰም። ጓደኛሞች ነን፣ ‹በኔ ቴሴራ ግባ› አለኝ። ያን ቀን የወረደው ዝናብ ዓሣ ያሰምጣል፤ ሁላችንም ጭቃ ለብሰን እናቴም ብታየኝ አትለየኝ። ስሙ ሲጠራ አቤት አልኩ። ጎሏም አቤት ባልኩበት ስም ተጻፈች። መልማዩ መጥቶ ያንን ስም ጠራ። እሱ አቤት አለ። ‹ክለቡ ገብቼ እስብሃለሁ› ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠራኝም።»

«እና አንተ ዝም!» ሽቦ መጮኋን ያወቀችው የጎረቤት በር ሲከፈት ነው። «ጎሏን ሲያወራ አብረህ ታጨበጭባለህ! ሱሪውን ታሳጥርለታለህ! እኔ ደግሞ አባቴ ኳስና ዱባ አይለይም እያልኩ ለሰው ሁሉ…»

«ሰምቼሻለሁ። ዱባው ጥሩ ነበር።»

«አታስቀኝ! እሱም አንተም ዋሻችሁኝ!»

አባቷ ሜትሩን አስቀመጠ። «ዋሽቼሻለሁ» አለ። «መጀመሪያ ዋንጫውን እንዳይነጥቁን ብዬ ነው። ቆይቶ ማን ያምነኛል ብዬ። ከዚያ ለመደብኝ። በኋላ የተጫወተውን ግን በራሱ እግር ነው የተጫወተው፤ እሱን አልወስድበትም። ጎሏ ብቻ ናት የኔ።»

ሽቦ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ከስንት ሜትር ነበረች?»

«ሜትር?» አባቷ ወደ በሩ አየ። «ከዚህ እስከዚያ ክር። ያውም በጉልበቴ ነው የነካኋት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ወለሉ ላይ ተንከባልላ ትስቅ ነበር። አሁን ግን መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ገብታ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ስትበጫጭቅ ዋለች። ስሟ በመልማዩ ደብተር ላይ ተጽፎ ታያት፤ ያምራል። ከዚያ አካዳሚው ውስጥ ኳስ ሰጥተዋት «እስቲ ያቺን ድገሚያት» ሲሏት ታያት። አፏን ብትከፍትስ? ለከርሞም አሰልጣኙ እሱ ነው፤ ሌላ ቡድን ደግሞ የለም። ለሦስት ዓመት ጋሼ እያለች የተከተለችው ሰው ካኮረፋት ከማን ጋር ትጫወታለች? ከዱባ ጋር?

«አባዬ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አለ አባቷ። «እኔ ይህንኑ ጥያቄ አንዴ መልሼ ተሳስቻለሁ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ታኬታዋን በፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። አባቷ ዛሬ ከስፌት መኪናው ተነስቶ አጥሩ ጋ ቆመ።

ሜዳው ዳር ቡድኑ ተሰልፏል። ዳኛው ቴሴራዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ እየጠራ ፎቶ ከፊት ያስተያያል። ሰባት ቁጥር ማሊያ የለበሰችው ረጅም ልጅ ግንባሯን በሻሽ አስራ ጥፍሯን ትበላለች። ሽቦ ልትጠላት አስባ ነበር። ስታያት ግን ልጅቷም በሰው ስም ከመጠራቷ በፊት የምትደበቅበት ጉድጓድ የምትፈልግ ትመስላለች።

«አምስት ቁጥር!»

«አቤት!»

«ስድስት ቁጥር!»

«አቤት!»

ዳኛው ሙጫ የፈሰሰበትን ፎቶ አንስቶ መነጽሩን አስተካከለ። ከጀርባው የቆመው አሰልጣኝ ሽቦን ከተመልካቹ መሀል አገኛትና፣ ፈገግ እንዳለ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ሰባት ቁጥር!»

ረጅሟ ልጅ አፏን ከፈተች። ድምፅ ግን አልወጣትም።

ሽቦ ታኬታዋን ከፌስታሉ እያወጣች ተመልካቹን ከሜዳው የሚለየውን ገመድ ተሻገረች።

«አቤት» አለች፣ ግራ እጇን እስከ መጨረሻው ቀጥ አድርጋ።