ራሱን የሚሞላው ጠመንጃ

ይህን ያነበበ ሁሉ ያምነኛል ብዬ አይደለም የምጽፈው። የሆነውን ሆነ ከማለት ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ደግሞ በእኩለ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ አይደለም የሆነው። እሑድ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እዚህ አሜሪካ ሴንት ፖል ውስጥ፣ በረዶው በፀሐይ ዓይን እያጥበረበረ...

የደረሰባት ሴት እታፈራሁ ትባላለች። አንድ የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው። ታሪኩን ከራሷ አፍ ሰማሁት። የመጨረሻውን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

እታፈራሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳብል ሺፍት ትገባለች። ቅዳሜ እንደ ሰው አርፋ እንደመተኛት፣ በጎረቤት ከተማ በሮዝቪል አልፋ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ድራይቭ አድርጋ፣ በተከራየችው ቁራጭ መሬት ላይ ያሉ ዶሮዎቿን ታያለች። እንቁላሉን ለቸርች ሰዎች ትሸጣለች። "ምናለ ብታርፊ?" ስንላት "አፈር ስገባ አርፋለሁ" ነው መልሷ።

የምትለፋው ለአባቷ ነው። አቶ ቸሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሠርተው ሳንባቸውን ዱቄት የጨረሰው ሰው ናቸው። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ትሰካላቸዋለች። ዘጠና አራት ካለ ቀኑ ጥሩ ቀን ነው።

እናቷ ስትሞት አጠገቧ አልነበረችም። "አባባ ግን እኔ እያለሁ የትም አይሄድም" ትላለች። ስትለው ታስፈራለች።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር የዶሮ ቤቱን አይጥ ወረረው። መርዝ እንዳታደርግ ዶሮዎቹ ይለቅሙታል። ወጥመድ ብታደርግ የአንዷን ዶሮ እግር ያዘ። ያማከረችው ሁሉ "የአየር ጠመንጃ ግዢ" አላት።

እሱም መከራ ሆነባት። ርካሹ አፈሙዙ በጉልበት እየታጠፈ የሚቀባበለው ነው። በሽተኛ ስታነሳ ስታስተኛ ያለቀ ትከሻዋ እሱን አልቻለውም። አየር አስቀድሞ የሚሞላው ይሻላታል፤ ትከሻ አይመታም፣ ብዙም አይጮኽም። ዋጋው ግን አይቀመስም። መንፊያውም ለብቻው ነው የሚሸጠው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በብሬክ ሰዓቷ ስልኳ ላይ ስታማርጥ ከረመች።

ከዚያ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ያገለገለ፣ ከነመንፊያው፣ በግማሽ ዋጋ።

ሻጩ ኤዶሳ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሮዝቪል አንድ ፓርኪንግ ላይ ጠበቃት። ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎታል። ሲሰጣት እጁ እንዳይነካው ይጠነቀቃል።

"መንፊያው ብዙ ጉልበት ይፈልጋል?" አለችው።

"ብዙም አያስፈልግሽም፣ እህቴ።"

"እንዴት?"

ዞር ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ብቻሽን ነው የምትኖሪው?"

"ከአባቴ ጋር።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ብቻሽን ብትሆኚ ይሻል ነበር" አላትና ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከቶ ሄደ።

እኔ ብሆን እዚያው አስፋልቱ ላይ ጥዬው እሄድ ነበር። እታፈራሁ ግን እንቅልፍ ከጠገበች ዓመት አልፏታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚነገረው ሁሉ አይገባውም።

መጀመሪያ ነገሩ ሰመረላት። በዚያው ቅዳሜ ስድስት አይጥ ገደለች። የጠመንጃውን አየር የሚለካው ጌጅ ከሁለት መቶ ወደ መቶ ሃያ ወረደ። መንፋቱ ታከታትና ቤት ወስዳ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከግድግዳው ማዶ የአባቷ አልጋ ነው።

በሳምንቱ ስታወጣው ጌጁ መቶ ሰማንያ ይላል።

"ነፍቼው ነበር እንዴ?" አለች ለራሷ።

ድካም ነው ብላ ተወችው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቀስ እያለ አየር ያፈሳል ሲባል ሰምታለች። ራሱን ይሞላል ሲባል ግን አልሰማችም።

ያን ቀን ጠዋት አባባ ዘጠና አንድ ነበሩ።

በቀጣዩ ሳምንት ጌጁ ሁለት መቶ አሥር...

አባባ ሰማንያ ዘጠኝ።

ሐኪም ጋ ወሰደቻቸው። ማሽኑ ታየ፣ ቱቦው ተቀየረ፣ መድኃኒቱ ተጨመረ። "ዕድሜ ነው" አሏት።

ቤት ተመልሳ ጠመንጃውን ብትነካው ይሞቃል። ሰው ተኝቶበት እንደተነሣ ትራስ ነው የሚሞቀው። የጌጁ መስታወት በውስጥ በኩል እንፋሎት ለብሷል።

ማክሰኞ ቁርስ ስታቀርብላቸው አባቷ እጇን ያዙ።

"ልጄ... ክፍልሽ ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም የለም፣ አባባ።"

"ይተነፍሳል እኮ።"

"ማን?"

"እንጃ..." ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "እኔ ሳስወጣ እሱ ያስገባል።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ክው አለች። ጠመንጃውን አንሥታ ሮጣ ወርዳ የመኪናዋ የኋላ ትረንክ ውስጥ ከተተችው።

ለውጥ የለም። ረቡዕ ሰማንያ ስድስት። ዓርብ ሰማንያ ሁለት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላቸው "ከቤቴ አልወጣም" አሉ።

እሑድ ጠዋት ለቸርች ልታለብሳቸው ስትገባ ከንፈራቸው ጠቁሯል። መለኪያዋን ሰካች።

ሰባ ስድስት።

አምቡላንስ ጠራች። "መንገድ ላይ ናቸው፣ ጠብቂ" አሏት። እንዴት ትጠብቅ? በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ወርዳ ትረንኩን ከፈተች። የጌጁ ቀስት ቀዩን መሥመር አልፏል። ኤዶሳ ጋ ደወለች።

ሰላም እንኳ አላላትም።

"ስንት ደረሰ?"

"ሁለት መቶ ሃምሳ። አባቴ እየሞተ ነው፣ ወንድሜ። ምን ላድርግ?"

"የአየር መሙያውን ፈትተሽ አየሩን አጠገባቸው ልቀቂው። ይነሣሉ።"

"አንተ አድርገኸዋል?"

"ለሚስቴ።"

"ዳነች?"

"ደህና ናት..." እያለቀሰ ነው። "በጣም ደህና ናት። ግን እህቴ፣ ብትተያቸው ይሻላል።"

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። አባትሽን ተያቸው ሲሏት የምትሰማ ልጅ አይደለችም።

ጠመንጃውን ትራሳቸው አጠገብ አጋደመች። መሙያውን ፈታች።

ሽሽሽሽ...

አየሩ ሞቃት ነው። ዱቄት ዱቄት ይሸታል።

ሰማንያ አራት... ዘጠና ሦስት... ዘጠና ስምንት...

መቶ።

ጌጁ ዜሮ ሲል አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። "ርቦኛል፣ ልጄ" አሉ። የአምቡላንስ ሰዎች ደርሰው ቁጥሩን አዩና ተገርመው ሄዱ። እታፈራሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜም ሙሉ ቀን ተኛች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አቶ ቸሩ ቱቦ የለ፣ ማሽን የለ፣ ፊታቸው ወዝ አውጥቷል። ደስ አለኝ። ስወጣ ካልሸኘንሽ ብለው ሁለቱም እስከ ፓርኪንጉ ወረዱ። ቀን ነው፤ ብርዱ ግን ከዜሮ በታች ሃያ።

"ሳልመርቃችሁማ አትለያዩም" አሉ አቶ ቸሩ።

እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፣ ከክፉ ይሰውራችሁ፣ ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ፣ ወጥታችሁ ግቡ...

"አሜን" ባልን ቁጥር ከእኔና ከእታፈራሁ አፍ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ይላል።

ከእሳቸው አፍ ግን ምንም አይወጣም።

ምርቃቱ ቀጠለ። አንድ ጊዜ እንኳ ለትንፋሽ አላረፉም። ደረታቸውን አየሁት... ጋቢው ንቅንቅ አይልም።

እታፈራሁ በረዶውን ነው የምታየው። እሳቸውን ቀና ብላ አታይም።

"አየሽ አይደል?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አየሁ።"

"መቶ ነው ግን። ዛሬም ለካሁት... መቶ ነው።"

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አስነሣሁ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ አቶ ቸሩ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው አንገቷን ደፍታ፣ እንፋሎቱ ከእሷ አፍ ብቻ እየወጣ፣ "አሜን" ትላለች።