የመጨረሻዋ የዘንባባ ቅጠል

የቡድሃ መነኮሳት ለክረምት ሱባኤ ሊገቡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን ከተማ፣ ወንዝ ዳር ባለችው ጠባብ የመጻሕፍት ዝግጅት ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አዘጋጁ መምህር ሳሩን፣ ገጽ የምታቀናብረው ቻንቱና የጥንቱን ጽሕፈት የሚያነበው ኮሳል።

ኮሳል ልጅነቱን በገዳም አሳልፎ ወደ ዓለም የተመለሰ ወጣት ነው። ከአንደኛ ደረጃ በላይ አልተማረም። በዘንባባ ቅጠል ላይ በብረት ጫፍ የተጫረ ጽሑፍ ግን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። አንደበቱ የሚተሳሰረው ቻንቱ ፊት ነው። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተው፣ ከሥራ ውጪ ያወራት ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም።

የአንድ ጥንታዊ የቡድሃ ስብከት መጽሐፍ የመጨረሻ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አታሚዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ሊወስዱት ነው።

«ይቺን የግርጌ ማስታወሻ ስሙማ» አሉ መምህሩ። «በመጨረሻው ቅጠል የተጠቀሰችው ቻንቱ፣ ቅጂውን ያስጻፈች ባለጸጋ እመቤት ሳትሆን አትቀርም። ሁለት ወር ፈጀችብኝ!»

ቻንቱ ሳቀች። «ባለጸጋ መሆኔን ገና ዛሬ ሰማሁ።»

የኮሳል ፊት አመድ መሰለ።

የመጨረሻውን ቅጠል ምስጥ በልቶት ስለነበር፣ አምና በአዲስ የተካው እሱ ነው። በገዳሙ ልማድ፣ ቅጠል የሚተካ ሰው የሥራውን በረከት ለወደደው የሚሰጥበት አንድ መስመር ይፈቀድለታል። ፊደሉ እንዲታይ ጥቀርሻና ዘይት ሲቀባው ቅጠሉ ያረጀ መሰለ። ቻንቱ ፎቶ ስታነሳው እሱ በወባ ተኝቶ ነበር፤ ያነበቡትም መምህሩ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከስሟ በቀር ብዙ አልለዩም።

ዝም ቢል ውሸት ይታተማል። ቢናገር ልቡ አደባባይ ይወጣል፤ ሥራውም ምናልባት ይሄዳል።

ሰዓቱን አየ። አምስት ተኩል።

«መምህር... እመቤቷ የሉም።»

«እንዴት የሉም?»

«ቅጠሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምና።»

መምህሩ የቅጠሉን ፎቶ ከረቂቁ መሀል መዝዘው ፊቱ አኖሩት።

«ምን ይላል?» አለች ቻንቱ፤ የጥንቱን ጽሕፈት አታነብም።

«ይቅርብሽ።»

«በስሜ ጽፈህ ይቅርብሽ? አንብብ!»

ዓይኑን ከፎቶው ሳያነሳ አነበበ፦ «የዚህ ሥራ በረከት ለቻንቱ ይሁን። በሚመጣው ሕይወቴ እሷን የማናግርበት ድፍረት ይሰጠኝ።»

ቻንቱ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ግን ሳቅ ይታገለዋል።

«በሚመጣው ሕይወት? እስከዚያ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልጠብቅህ ነው? አንተ ሰውዬ!»

«በዚህኛውም... ከፈቀድሽ» አለ ኮሳል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ መቼ ጠየቅኸኝና ነው የከለከልኩህ?»

«የሁለት ወር ልፋቴ!» ብለው አጉረመረሙ መምህር ሳሩን፤ እስክሪብቶ አንስተው ማስታወሻውን ከዳር እዳር ሰረዙት። ከዚያ በመነጽራቸው ላይ ኮሳልን አዩት። «ከመጽሐፌ ውሸት አወጣህልኝ። እናቷ ዘንድ ሽማግሌ የሚሆንህ ካጣህ፣ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ።»

መጽሐፉ ያቺ መስመር ወጥታ፣ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ሆኖ ታተመ። በሱባኤ ወራት ሠርግ ስለማይደረግ ሦስት ወር ጠበቁ፤ ዝናቡ ባባራ በሁለተኛው ሳምንት ተጋቡ።